«ጎበዝ» የተባለች ልጅ እጇን ማውጣት ለምን ትፈራለች?

ጥያቄው ሐዋሳ ከሚኖሩ እናት የደረሰ ነው፤ ጥቂት አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ በግል ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ትማራለች። እስከ አምና ከክፍሏ 1ኛ ትወጣ ነበር፤ ዘንድሮ በመጀመሪያው ሴሚስተር 3ኛ ወጣች። መልሱን እያወቀችው ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። የቤት ሥራ ስትጽፍ አንድ ፊደል ከተበላሸባት ገጹን ቀድዳ እንደገና ትጀምራለች። ከበድ ያለ የሒሳብ ጥያቄ ሲገጥማት ‹አልተማርነውም› ብላ ታልፈዋለች። እንግሊዝኛ ስትጽፍ ጥሩ ናት፤ ተናገሪ ስትባል ግን ታለቅሳለች። የሚገርመኝ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በሲዳሙ አፎ ስታወራ ብትሳሳትም ግድ የላትም። አባቷ የንግግር ውድድር ትመዝገብና ሰው ፊት ወጥታ ትልመድ ይላል። መምህሯ ‹ጨዋ ልጅ ናት፣ ምንም ችግር የለባትም› ትለኛለች። 1ኛ ከወጣች ብስክሌት እንደምንገዛላት ቃል ገብተንላት ነበር፤ እሱም አላነቃቃትም። ደፋር እንድትሆን ምን ላድርግ? ትምህርት ቤት ብቀይርላትስ? ወይስ ተፈጥሮዋ ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ተፈጥሮዋ አይደለም። ማስረጃውን ራስዎ ጽፈውታል። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ ስትባል የምታለቅሰው ልጅ፣ ሰፈር ውስጥ በሲዳሙ አፎ እየተሳሳተች፣ እየታረመች፣ ደግማ እየሞከረች ታወራለች። ልጅቷ ያችው ናት፤ የተለያየው ስህተት የሚያስከፍላት ዋጋ ነው። ሰፈር ውስጥ ስትሳሳት ጓደኛዋ ትክክለኛውን ቃል ትነግራትና ጨዋታው ይቀጥላል፤ ስህተቱን የሚመዘግብ፣ በእሱ የሚያወዳድር ማንም የለም። ክፍል ውስጥ ስትሳሳት ግን የምታጣው ነገር አለ፤ እሱም «ጎበዝ» የሚለው ስሟ ነው። ስለዚህ ልጅቷን ደፋር ማድረጊያ ዘዴ ከመፈለግ በፊት፣ ቤትና ክፍል ውስጥ ስህተት ለምን እንዲህ እንደተወደደባት መመርመር ይኖርብናል።

አስቀድመው መስተካከል ያለባቸው ሁለት ግምቶች አሉ። አንደኛው ዝምታን ሁሉ እንደ ዓይን አፋርነት ማየት ነው። ዓይን አፋር ልጅ የሚከብደው ሰው ነው፤ ለብቻው ሲሆን ከባድ ሒሳብ ደስ ብሎት ሊታገል፣ ደብተሩን በሙከራ ሊሞላ ይችላል። የእርስዎ ልጅ ግን ማንም ሳያያት፣ ለብቻዋ ተቀምጣ ገጽ ትቀድዳለች። ይህች ልጅ የምትሸሸው ስህተቱን ራሱን ነው፤ ስለዚህ ለዓይን አፋርነት የሚታዘዘው «ሰው ፊት ትልመድ» የሚለው ምክር ለእሷ የሚሆን አይደለም። ሁለተኛው የመምህሯ ግምት ነው። ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል ውስጥ ጸጥ ብላ የምትጽፍ ልጅ ለመምህር እፎይታ እንደሆነች አውቃለሁ፤ መምህሯን ለመውቀስም አልፈልግም። ይሁን እንጂ የማትጠይቅና የማትሞክር የደረጃ ተማሪ ችግሯ በካርዷ ላይ ስለማይታይ ለዓመታት ሳይደረስበት ይቆያል። ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ፣ የተሸመደደው ሁሉ የማይበቃበት ሒሳብና ሳይንስ ሲመጣ ነው። እርስዎ በ5ኛ ክፍል ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው።

«ደፍሮ መሞከር» ስል ምን ማለቴ እንደሆነም ልግለጽ፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ «ደፋር» የሚለው ቃል ለልጅ ሲነገር ምስጋና የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ታላቁን የማያከብር ለማለት ወቀሳ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ድፍረት መግፋት የሚፈሩት ሁለቱ ስለሚደባለቁባቸው ነው። እኔ የምለው ድፍረት መልሱን እርግጠኛ ሳይሆኑ መናገርን፣ ያልገባን ነገር «አልገባኝም» ብሎ መጠየቅን፣ ከሚችሉት ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ መምረጥን፣ ያልተጠናቀቀ ሐሳብን ለሌላ ማሳየትን ነው። እዚህ ውስጥ ስድነት የለም። የአካል አደጋም የለበትም፤ ከአሞራ ገደል ዳርቻ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዘሎ የሚገባ ልጅ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ስህተት እርማት ላይኖረው ይችላል። በትምህርት ውስጥ ጤናማ የምንለው ሙከራ ቢከሽፍ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ነገ ተመልሶ ይሞከራል፣ ከክሽፈቱም የሚማሩት ነገር ይገኛል፣ የሚያግዝ ሰውም በአጠገብ አለ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበትን ሙከራ በልጅ ላይ መጫን አይገባም። የአባቷን ሐሳብ ስመረምር ወደዚህ መለኪያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ መንስኤው። ጎበዝ የሚለውን ቃል ልብ ብለን እንየው። በቀድሞው አማርኛ ጎበዝ ማለት ጀግናው፣ ደፋሩ፣ ወደ ፊት የሚወጣው ጎልማሳ ነው፤ የጎበዝ አለቃ የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። ትምህርት ቤት ስንገባ ግን ትርጉሙ ተለወጠና ያልተሳሳተ፣ 10 ከ10 ያመጣ፣ 1ኛ የወጣ ማለት ሆነ። በዚህም ለድፍረት የነበረውን ስም ላለመሳሳት ሰጠነው። ልጅዎ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል የሰማችው ትክክል በሆነች ቁጥር ነው፤ በሞከረች ቁጥር አልነበረም። እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው ልጅ ቀስ በቀስ ሥራው ማወቅ መሆኑ ቀርቶ ስሙን መጠበቅ ይሆናል። ስምን ለመጠበቅ ደግሞ እጅ ካለማውጣት፣ ከባዱን «አልተማርነውም» ከማለት፣ የተበላሸውን ገጽ ከዓይን ከማራቅ የተሻለ መንገድ የለም። ስለዚህ የምታደርገው ሁሉ ከእሷ አንጻር ትክክለኛ ስሌት ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው ልክ በልጅዎ የክፍል ደረጃ ባሉ የአሜሪካ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ነበር። ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ከሠሩ በኋላ ገሚሶቹ አእምሯቸው ብሩህ ስለሆነ፣ ገሚሶቹ ተግተው ስለሠሩ ተመሰገኑ። ቀጥሎ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ፣ በብሩህነታቸው የተመሰገኑት በአብዛኛው ችሎታቸውን የሚያስመሰክርላቸውን መረጡ፤ በትጋታቸው የተመሰገኑት ደግሞ አዲስ ነገር የሚማሩበትን። ከዚያ ሁሉም ከባድ ጥያቄዎች ተሰጣቸውና ወደቁ። ከውድቀቱ በኋላ እንደ መጀመሪያው ቀላል የሆኑ ጥያቄዎች ሲሰጧቸው፣ በብሩህነት የተመሰገኑት ውጤት ከመጀመሪያው ዝቅ አለ፤ የሌሎቹ ከፍ አለ። ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ቀሪው ግኝት ነው፤ ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ ጽፈው እንዲነግሩ ሲጠየቁ፣ በብሩህነት ከተመሰገኑት መካከል ውጤቱን ጨምሮ የጻፈው ቁጥር ከሌሎቹ በጣም የበዛ ነበር። ልጅን ወደ ውሸትና ወደ ኩረጃ የሚወስደው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሊሸከመው የማይችለው መልካም ስምም ይወስደዋል።

ብስክሌቱ ይህን ሸክም አከበደው። ቃል የገባችሁት በፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን 1ኛ ደረጃ በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የምታገኘውም ያላገኘችውም በእሷ ጥረት ብቻ አይደለም። ጎረቤቷ ከእሷ በአንድ ነጥብ ከበለጠች፣ ልጅዎ ምንም ያህል ብትማር ብስክሌቱ የለም ማለት ነው። 3ኛ ስትወጣ ያጣችው ደረጃዋን ብቻ አልነበረም፤ ቃል የተገባላት ነገር፣ የቤተሰቧ ደስታ፣ ስለ ራሷ የምታምነው ነገር ሁሉ በአንድ ካርድ ላይ አብረው ወረዱ። እንዲህ በተወጠረ ገበያ ውስጥ ማን ደፍሮ ይሞክራል? ያላነቃቃትም ለዚህ ነው።

ትምህርት ቤቱም የራሱ ድርሻ አለው። በክፍሎች ውስጥ ተቀምጬ ስታዘብ ደጋግሜ የማየው ነገር መምህሩ ጠይቆ የሚጠብቀው ጊዜ ማነስ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የሳይንስ ክፍሎች ውስጥ ይህን ለክታ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ይህ ጊዜ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚመልሱት በዙ፣ «አላውቅም» ማለት ቀነሰ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ እጁን የሚያወጣው ቀድሞ የሚያውቀው ብቻ ነው፤ ለማሰብ የሚፈልግ ልጅ ሐሳቡን ሳይጨርስ ጥያቄው ለሌላ ይሰጣል። ከዚህ ላይ የክፍል ጓደኞች ሳቅ ይጨመርበታል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተሳስታ ያነበበችን ልጅ ክፍሉ ሲስቅባት መምህሩም አብሮ ፈገግ ካለ፣ የዚያች ብቻ ሳይሆን ያዩት ሁሉ አፋቸው ይዘጋል። «አፍ ሲከፈት ራስ ይታያል» የሚለው አባባላችን ለሽማግሌ ሸንጎ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ለሚማር ልጅ ግን አፉ ሲከፈት ራሱ መታየቱ ነው የሚጠቅመው፣ መምህሩ ምን እንዳልገባው የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነውና።

ወላጆች እዚህ ላይ የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። 6ኛ ክፍል ፈተና አለ፣ 8ኛ አለ፣ 12ኛ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ልጆቻችን ይሳሳቱ ማለት እንዴት ይቻላል? የውጤቱ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ከታዩት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ተማሪዎች ያላዩት ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ የሚይዙት የሚጨብጡት ማጣታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ያላዩትን ጥያቄ መሞከር የሚለመደው በፈተና ቀን አይደለም። የሚለመደው ከፈተና በፊት ባሉት ብዙ ተራ ቀኖች፣ ስህተት ነጥብ በማይቆርጥባቸው ሰዓታት ነው። ስለዚህ የመማሪያ ጊዜና የመመዘኛ ጊዜ መለየት አለባቸው፤ በሚመዘኑበት ጊዜ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፣ በሚማሩበት ጊዜ ግን ጥንቃቄ ሲበዛ መማሩን ያስቀረዋል። የልጅዎ ችግር ዓመቱን ሙሉ በመመዘኛ ጊዜ ውስጥ መኖሯ ነው።

ስህተት ለመማር የሚጠቅመው እንዴት እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ጃኔት ሜትካፍና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል፤ ሰዎች እርግጠኛ ሆነው የሰጡት መልስ ስህተት መሆኑ ተነግሯቸው ትክክለኛውን ሲሰሙ፣ እየተጠራጠሩ ከተሳሳቱት ይልቅ ያንን እርማት አጥብቀው ያስታውሳሉ። ግምቱ ሲፈርስ አእምሮ ይነቃል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው እርማቱ ተከትሎ ከመጣ ብቻ ነው፤ ያልታረመ ስህተት ልማድ ከመሆን በቀር የሚያስተምረው የለም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላ ሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢያቀርብ ቁም ነገር አይባልለትም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ማቅረብ አለበት። መጀመሪያ የሚሠራው ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ነው፤ እየበረታ ሲሄድ ወደ ረዘሙት ይሸጋገራል። መምህሩ ያርመዋል፣ ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ጉባኤ ቃናው ተበላሸብህ ተብሎ ከቅኔ ቤት የሚባረር የለም። ትንሽ መጀመር፣ የራስን መሥራት፣ መታረም፣ በማግሥቱ መመለስ፤ ለልጅዎ የምመክረው ሁሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወዳነሷቸው አማራጮች። የንግግር ውድድሩን በዚህ ዓመት ይተዉት። ቀደም ሲል በተጠቀሰው መለኪያ ስናየው ኪሳራው ትንሽ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያያል፣ በማግሥቱ ተመልሶ አይሞከርም፣ በላዩም ላይ ደረጃ ይወጣበታል። ተሸምድዶ የሚቀርብ ንግግር ከሆነ ደግሞ ቢሳካላት እንኳ የሚያስተምራት ያለ ስህተት መቅረብን ነው፤ እሱን አስቀድማ ታውቀዋለች። የአባቷ ሐሳብ መነሻው ትክክል ነው፤ ከፍርሃት መሸሽ ፍርሃትን ያሳድገዋል። ያልተስተካከለው የደረጃው ከፍታ ነው። በቤት፣ ከዚያ በሁለት ልጆች መካከል፣ ከዚያ በቡድን፣ ከዚያ በክፍል፣ በመጨረሻ ራሷ ከፈለገች በጠዋት ሰልፍ ወይም በሚኒ ሚዲያ እያለ የሚወጣ መሰላል ያስፈልጋታል። ወደሚቀጥለው እርከን የምትወጣው ደግሞ የቆመችበት ሲሰለቻት ነው።

ትምህርት ቤት መቀየሩንም አልመክርም። አዲስ ትምህርት ቤት ማለት ስሟን ከዜሮ መገንባት ማለት ነው፤ ስም ለሚያስጨንቃት ልጅ ይህ ጭንቀቱን ይጨምረዋል። አንድ ሁኔታ ብቻ ሐሳቤን ያስለውጠኛል፤ በስህተቷ የምትሰደብ፣ የምትዋረድ ወይም የምትመታ ከሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ ሲጣስ መጀመሪያ ከርዕሰ መምህሩ ጋር መነጋገር፣ ካልተስተካከለ ማውጣት ይገባል። በዱላ ጥላ ሥር ማንም ልጅ ደፍሮ አይሞክርም፤ እዚያ ላይ የእኔም ምክር ዋጋ የለውም።

በቁርጥ የምመክርዎ በቀሪው ሴሚስተር ሁለት ቦታ ላይ እንዲሠሩ ነው፤ ቤትዎና የክፍል ኃላፊዋ ጋ።

በቤት የመጀመሪያው ሥራ ብስክሌቱን ከደረጃ መፍታት ነው። አቅማችሁ ከፈቀደ ይግዙላት፤ ካልፈቀደ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ይከራዩላት። «ይህ ስለ ደረጃሽ አይደለም፤ ቃሉን ያኔ የገባነው ተሳስተን ነው» ብለው፣ አባቷም ባሉበት ይንገሯት። ወላጅ ተሳሳትኩ ሲል መስማት ለእንዲህ ያለች ልጅ ከብስክሌቱ ይበልጣል። ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ ናት፤ ባጃጅ ከሚበዛበት ዋና መንገድ ራቅ ብለው፣ ራሷ ላይ ሄልሜት አድርገው፣ ከኋላ ይዘው ያለማምዷት። ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ በሳምንቱ ትነዳለች። በኋላ ሒሳብ ላይ ስትያዝ «ብስክሌቱ የመጀመሪያ ቀን እንዴት ነበር?» ብለው ሲጠይቋት የሚያወሩበት የጋራ ትዝታ ይኖራችኋል። ይህን ምክር ለብዙ ወላጆች ሰጥቻለሁ፤ ከቃላት ይልቅ ሰውነት የተማረው ቶሎ ይታመናል።

ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ላይ «መሞከሪያ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ደብተር ያዘጋጁላት። በዚህ ደብተር ላይ ላጲስ አይነካም፣ ገጽ አይቀደድም፣ መምህርም አያርመውም፣ እርስዎም ካልጋበዘችዎ አይከፍቱትም። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ እንደገና ይሞከራል። የቤት ሥራዋን ከመሥራቷ በፊት ከባድ የመሰላትን ጥያቄ እዚህ ላይ አሥር ደቂቃ ትታገለዋለች፤ ካልሆነላት ይረዷታል። አሥር ደቂቃ ያልኩት በምክንያት ነው። ተማሪዎች ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት በራሳቸው ታግለው እንዲከሽፉ ማድረግ ጥልቅ ግንዛቤ እንደሚሰጥ ማኑ ካፑር የተባለው ተመራማሪ ሲንጋፖር ውስጥ በጀመራቸው ጥናቶች አሳይቷል፤ ሆኖም በኋላ የተደረጉ የጥናቶች ድምር ግምገማዎች ይህ ጥቅም ከ2ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ባሉ ልጆች ላይ በዚያው መልክ እንደማይታይ አመልክተዋል። በዚህ ዕድሜ ትግሉ አጭር፣ እርዳታው ቅርብ መሆን አለበት። «ራስሽ ካልጨረስሽው እራት የለም» የሚባለው ዓይነት ድፍረት ማስተማሪያ የሚያተርፈው እልህ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የምስጋናዎን ቃል ይለውጡ። ጎበዝ ማለትን አይተዉት፤ ወደ ቀድሞ ትርጉሙ ይመልሱት። ከባዱን ስትመርጥ፣ ያልገባትን ስትጠይቅ፣ የተሳሳተችውን ሳትደብቅ ስታሳይ «ጎበዝ!» ይበሏት። 10 ከ10 ስታመጣ ግን «ይህን እንዴት አገኘሽው?» ብለው መንገዱን ይጠይቁ። ጥያቄውም ስትሳሳት ብቻ መምጣት የለበትም፤ ልጆች «እስኪ እንዴት ሠራሽው?» የሚለውን ስህተት መኖሩን ማሳወቂያ አድርገው ወዲያው ይለምዱታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ስንት አመጣሽ?» የሚለውን በ«ዛሬ የከበደሽ ምን ነበር?» ይተኩት፤ እርስዎና አባቷም በእራት ሰዓት ያንኑ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፤ በሥራ ቦታ የተበላሸባችሁን፣ ጠይቃችሁ ያወቃችሁትን ንገሯት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ያልተሳካን ሥራ ሁሉ «ለፍተሻል፣ በቂ ነው» ብሎ ማለፍ ልጅን ማታለል ነው። ልፋቱ የማያዋጣ መንገድ ላይ ከሆነ «ይህ መንገድ አላደረሰሽም፤ ሌላ ምን አለ?» መባል አለባት። በትጋቷ ብቻ ተመስግና እርማት የተነፈገች ልጅ ውሎ አድሮ ምስጋናው የአዘኔታ መሆኑን ትረዳለች።

ለእንግሊዝኛው፣ በሲዳሙ አፎ ያገኘችውን ሁኔታ ይፍጠሩላት። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ብቻ፣ ጨዋታ ላይ፣ ለአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ሰዓት ይኑር። በመካከል አያቋርጧት፤ የተሳሳተችውን ዓረፍተ ነገር እርስዎ በምላሽዎ ውስጥ አስተካክለው ይመልሱላት፣ የሰፈር ጓደኛዋ እንደምታደርገው። አስጠኚ ካላት እሱም ይህን ይወቅ፤ በየቃሉ የሚያርም አስጠኚ የእርስዎን ሥራ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሊያፈርስ ይችላል።

ለክፍል ኃላፊዋ ሲሄዱ «ልጄን ደፋር አድርጉልኝ» ከማለት ይልቅ ሊደረጉ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ይጠይቁ። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን የምትጠየቀውን ጥያቄ አስቀድማ እንድታውቀው፣ መልሱን ግን እንዳታጠናው፤ ጥያቄው «አንቺ ምን ይመስልሻል?» የሚል ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ከጠየቀቻት በኋላ ዝም ብላ ሦስት ሰከንድ እንድትጠብቃት። ሦስተኛ፣ በቡድን ሥራ ውስጥ ሁልጊዜ መሪ መሆኗ እንዲቀር። ቡድን መሪ የሆነ የደረጃ ተማሪ መልስ ሰጪ ብቻ ይሆናል፤ አንዳንዴ ጠያቂ፣ አንዳንዴ ከሌላው የምትማር ብትሆን ለእሷም ለቡድኑም ይበጃል። በተሳሳተ መልስ መሳቅን መምህሯ በግልጽ ብትከለክል ደግሞ ሌሎቹንም ልጆች ትጠቅማለች። ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ችሎታ በጥረት እንደሚያድግ ለልጆች በአጭር ትምህርት መንገር በአማካይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ እንደነበርና የተሻለ የሠራውም የክፍል ጓደኞቻቸው ከባድ ሥራ መሞከርን በሚያከብሩባቸው ትምህርት ቤቶች መሆኑን አሳይቷል። በቤት የሚዘሩት ቃል ክፍሉ ውስጥ መሬት ካላገኘ ብዙ አይበቅልም። መምህሯ ፈቃደኛ ካልሆነች ለውጡ ዘገምተኛ እንደሚሆን አውቀው በቤት ያለውን ይቀጥሉ።

ይህ ሁሉ የማይበቃባቸው ሁኔታዎች አሉ። በትምህርት ቀን ጠዋት ሆድ ቁርጠት ወይም ራስ ምታት እየተደጋገመ ቅዳሜና እሑድ የሚጠፋ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከነሳት፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች፣ ቤት ውስጥ እያወራች ትምህርት ቤት ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ፈጽሞ አፏን ካልከፈተች፣ ወይም «እኔ አልረባም» የሚል ቃል ከደጋገመች፣ ባለሙያ ይያት። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ፤ ወደዚያ መሄድ ልጅቷን «አእምሮዋ ታሟል» የሚያስብል ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ዓይኗንና ጆሮዋን ያስመርምሩ። ሰሌዳውን በደንብ የማታይ ልጅ እጇን የማታወጣው ለዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳናጣራ ወራት ያባከንንባቸው ልጆች ገጥመውኛል።

ለውጡን በሚቀጥለው ካርድ ላይ አይፈልጉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውጤቷ ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ደንግጠው ወደ ደረጃው ከተመለሱ፣ የነገሯት ሁሉ ውሸት እንደነበር ታረጋግጣለች። አባቷም፣ አያቶቿም፣ አስጠኚዋም ይህን አስቀድመው ይስማሙበት። የሚመለከቱት ነገር ሌላ ነው፤ መሞከሪያ ደብተሯ ላይ የተሰረዙ መስመሮች እየበዙ መሄዳቸውን፣ «አልተማርነውም» የሚለው ቀርቶ «እዚህ ጋ ተያዘብኝ» ማለት መጀመሯን፣ ገጽ መቅደዷ መቀነሱን ይዩ። እጇን ማውጣቷ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ያወጣች ቀንም መልሷ ትክክል እንደነበረ አይጠይቋት።